የአያቴ ስም ያለበት ካርታ

ልደታ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአበልጄ ለአቶ ሀብተ ማርያም፤

እንደምን ሰነበቱ? የገዳሙ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? መልስዎን የምሰማው ደሚቱ ለገዳሙ የምታመላልሰውን ጧፍና ስንዴ አድርሳ ስትመለስ ስለሆነ፣ አስቀድሜ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንዳሉኝ ቆጥሬዋለሁ። እርስዎ ሊመነኩሱ ስልክዎን ለሰው ትተው ሄዱ፤ እኛ ኃጥአኑ ደግሞ እንደ ድሮ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ፍለጋ ገባን።

ስለ ናሁሠናይ በደሚቱ በኩል ለጠየቁኝ፣ የክርስትና ልጅዎ ደህና ነው። ሊመረቅ ደርሷል፤ ጋውኑን ለብሶ መስታወት ፊት ሲንጎራደድ ነው የሚውለው። ስለ ሱቁ ለጠየቁኝ ግን ደህና ነው ብዬ ልዋሽዎት አልችልም።

ነገሩ ካርታው ነው። ባለፈው ዓመት በልደታ ንግሥ ማግስት የሸጡልኝ፣ የድሮው ሰፈራችን በእጅ የተሳለበት፣ የአያቴ የባሻ ወንድይራድ ግቢ ከነስሙ ያለበት ካርታ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለው ሱቄ ውስጥ ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ሰቅዬው እንደነበር ያውቃሉ። ፍሬም ሊያሠራ የመጣ ሁሉ ዋጋውን ሲጠይቀኝ «የአባት ቤት አይሸጥም» እያልኩ ነበር የምመልሰው። ግቢያችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ሰፈሬን የማየው እሱ ላይ ብቻ ነበር።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ዲግሪዋን ፍሬም ልታስገባ መጣች። ቀና ብላ ካርታውን አየችና ወሬዋን አቋረጠች። ሻይ ላስመጣ ብላት እቸኩላለሁ አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ፖሊሶች፣ እርስዎ ጡረታ እስኪወጡ አሮጌ ወረቀት ሲጠግኑበት ከኖሩት መዛግብት ቤት ደግሞ አንድ ሰውዬ መጡ። ካርታው የመንግሥት ነው፣ ከመጋዘን የተሰረቀ ነው አሉኝና አውርደው ወሰዱት። ሰው በተሰበሰበበት ነው ያደረጉት፤ ያቺ ሻይ ቤት ያላት ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ ታወራዋለች።

መርማሪው «ለምስክርነት ነው የምንፈልግሽ» ብሎ ጣቢያ ጠራኝና ማን እንደሸጠልኝ ጠየቀኝ። አበልጄ፣ እንዴት አድርጌ ስምዎን ልጥራ? ልጄን ከካህኑ እጅ የተቀበሉ፣ ባለቤቴ ሲሞት ከሣልስት እስከ አርባ ደጄ ላይ የዋሉ ሰው ነዎት። ያውም ሊመነኩሱ በሄዱበት ፖሊስ ልላክብዎት? «ከመንገድ ላይ ሻጭ ነው የገዛሁት፣ ሰውየውን አላውቀውም» አልኩና ፈረምኩ።

አሁን የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ያን ቀን «ከአጎቴ የወረስኩት ነው» ብለውኛል። ይህችኑ ቃል ራስዎ መጥተው ለመርማሪው ይንገሩልኝ። የተሳሳተው መዛግብት ቤቱ መሆኑ ሲታወቅ እኔም ከሐሜት እድናለሁ፣ ካርታውም ቦታው ይመለሳል። የመሳፈሪያውን ለደሚቱ ሰጥቻታለሁ፤ እምቢ ቢሉ እንኳ ቅር እንዳይልዎት፣ ጋቢም ልኬያለሁ።

አክባሪዎ ሠርካዲስ


ከገዳም፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴና ለአበልጄ ለሠርካዲስ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ከደጅሽ አይራቅ። የላክሽው ጋቢ ደርሶኛል፤ በብርድ ሌሊት ስምሽን እያነሣሁ እለብሰዋለሁ። ጉልበቴ ትንሽ ያስቸግረኛል እንጂ ደህና ነኝ። አበ ምኔቱ ሙያዬን ሰምተው ዳዊትና ድርሳን እንድጠግን አዘውኛል። ለሰው ስሠራ የኖርኩትን ዛሬ ለእግዚአብሔር ልሠራው ነው። ናሁሠናይ ሲመረቅ ከጎኑ ባልቆምም ከዚህ ሆኜ መርቄዋለሁ፤ እንጀራ ይውጣለት፣ ለወግ ለማዕረግ ይብቃልሽ።

ስሜን ስላልጠራሽ እግዚአብሔር ብድርሽን ይክፈል። አበልጅ ማለት እንዲህ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ አንቺም የሰጠሽውን ቃል አትለውጪ። ከመንገድ ሻጭ ገዛሁ ካልሽ በዚያው ጽኚ፤ ቃሉን የሚለዋውጥ ሰው ነው የሚጠረጠረው። ፖሊስ እንዲህ ያለውን ነገር ትንሽ ያንገላታና ይተወዋል። የሰፈር አሮጌ ካርታ ለማን ምን ይሠራለታል?

መጥተህ ተናገር ያልሽኝን አሰብኩበት። እኔ ገና አመክሮ ላይ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ከወጣሁ እንደ አዲስ ልጀምር ነው። ፍልሰታ ይለፍና እናያለን። አጎቴም ሞቷል፤ የሞተን ሰው ማን ምስክር ይጠራል?

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ከመዛግብት ቤቱ የመጣው ሰውዬ ምን አለ? ጀርባውን ከፍተው አዩት ወይስ እንዳለ ነው ያስቀመጡት?

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው። ሰው ያልሆነ ነገር ያስብበታል።

ወንድምሽ ሀብተ ማርያም


ልደታ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አበልጄ፤

ጉልበቴ ያስቸግረኛል ስላሉ ቅባት ልኬያለሁ፤ በሙቅ ውሃ አጥበው ይቀቡት። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በክፉ ቀን ነውና ምርቃትዎን እንኳ አሜን ብዬ አልተቀበልኩትም።

ጀርባውን ከፍተው አዩት ወይ ላሉኝ፣ አዎ፣ ከፍተው አዩት። እኔን አቁመው ነው የከፈቱት። ኮምፔንሳቶውን ነቀሉ፤ ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት በእንፋሎት እያራሱ ቀስ አድርገው ላጡት። የመዛግብት ቤቱ ማኅተምና የመደርደሪያው ቁጥር ወጣ። እንደዚህ ጥሩ ሆኖ የተለጠፈ ወረቀት አይቼ አላውቅም አለ ሰውየው። እኔ አይቻለሁ፤ ግን ዝም አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስክርነቴ ቀርቶ ተከሳሽ ሆኛለሁ። ደሚቱ ናት በዋስ ያስወጣችኝ። ክሱ «መሰረቁን እያወቀች ወይም ማወቅ ሲገባት የመንግሥት ቅርስ ገዝታ ይዛ ተገኝታለች» ይላል። ጠበቃዬ ሕያብ ትባላለች፤ ልጅ ናት፣ ግን እሷን ማታለል አይሞከርም። «እያወቀች» የሚለው ብዙም አላስፈራትም። ያስፈራት «ማወቅ ሲገባት» የሚለው ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ምን ብሎ እንደሚመጣ አስቀድማ ነገረችኝ፣ በቀጠሮው ቀን ያንኑ አለ። «ተከሳሿ ዕድሜ ልኳን ፍሬም ስትሠራ የኖረች ባለሙያ ናት። አሮጌ ሥዕል ሲመጣላት ጀርባውን ሳትከፍት እንደማትቀበል ደንበኞቿ ነግረውናል። ይህን አንዱን ብቻ ለምን አልከፈተችም?»

ለምን እንዳልከፈትኩ እርስዎ ያውቃሉ። ያን ቀን ፒንሳዬን አንስቼ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አዩኝ። የአበልጅን ዕቃ ፊቱ ቁጭ ብሎ መበርበር ሌባ ነህ ከማለት በምን ይለያል ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። እርስዎም «እኔው ራሴ ጀርባውን በወረቀት ለብጬዋለሁ፣ የልጅ ልጅሽ ድረስ ብል አይነካውም» አሉኝ። ይህን ለዳኛው ልናገር ብል ስምዎን መጥራት ሊኖርብኝ ነው። ስምዎን ካልጠራሁ ደግሞ፣ የማላውቀውን የመንገድ ሻጭ አምኜ ጀርባውን ሳላይ ገዛሁ ማለቴ ነው። ማን ያምነኛል? እኔ ዳኛ ብሆን ራሴን አላምንም።

ከተፈረደብኝ ዓመታት የሚያሳስር ነገር ነው፤ ሱቁም ይዘጋል። ፍርድ ቤቱ ከብሎካችን ማዶ ስለሆነ ወደዚያ ስሻገር ጎረቤት ሁሉ በረንዳው ላይ ሆኖ ያየኛል። ናሁሠናይ የምርቃቱን ፎቶ ሱቅ ውስጥ እንዳልሰቅለው ለመነኝ። እናቱ በሌብነት የተከሰሰች ልጅ ሥራ ፍለጋ ሊወጣ ነው።

አበልጄ፣ ክፉ ላስብ አልፈልግም። ግን የለበጡት እርስዎ ነዎት። ሲለብጡት ማኅተሙን አላዩትም? ከአጎትዎ ሲወርሱት ጀርባው ላይ ምን እንዳለ አላወቁም? ይህን የሚያስረዳ ነገር አለዎት ብዬ እጠብቃለሁ። ፍልሰታ ይለፍ ብለውኛልና የሚቀጥለው ቀጠሮ ከፍልሰታ በኋላ መሆኑ ደስ ብሎኛል። አይቅሩብኝ።

ሠርካዲስ


ከገዳም፣ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሠርካዲስ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አዝኜበታለሁም። ዓለምን ትቶ የወጣ ሽማግሌ በዚህ ዕድሜው እንደ ወንጀለኛ ይጠየቃል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ያውም ባንቺ።

ስለ ካርታው የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ሁለታችንም የምናውቀውን ነገር እንደ አዲስ ማንሣትሽ ገርሞኛል። ያን ዕለት ሱቅሽ ውስጥ ተቀምጠን ካርታው ከየት እንደመጣ አንድ በአንድ ነግሬሽ እንደነበር ታስታውሻለሽ። «ይህ ነገር ኋላ ጣጣ ያመጣብሽ ይሆን?» ብዬ በጠየቅሁሽ ጊዜም «የአያቴ ስም ካለበት ሌላው አያገባኝም» ብለሽ መልሰሽልኛል። ጀርባውንም እንድትከፍቺው ነግሬሽ አያስፈልግም ያልሽው ራስሽ ነሽ። እኔ መክሬሻለሁ፤ አንቺ በሙሉ ፈቃድሽ ወስነሻል።

ከአመክሮዬ ተነሥቼ መምጣት አልችልም። ይህን ደብዳቤ ግን ለሚመለከተው ሁሉ ብታሳዪው አልቃወምም።

እግዚአብሔር ልቡናሽን ያቅናልሽ።

ሀብተ ማርያም


ልደታ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሀብተ ማርያም፤

ከእንግዲህ አንቱ አልልህም። እጄ ሊጽፈው እምቢ ብሎኛል።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በመስቀል ሰሞን ነው። ደሚቱ አቀብላኝ ሳልከፍተው ሳምኩት። አንብቤው ግን አልገባኝም። ሽማግሌ ነው፣ ረስቶት ይሆናል፣ ጾሙ አድክሞት ይሆናል እያልኩ ላንተ ምክንያት ስፈልግልህ ዋልኩ። ለሕያብ ወስጄ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«ይህ ደብዳቤ ላንቺ አልተጻፈም» አለችኝ።

«ስሜ አለበት እኮ» አልኳት።

«ስምሽ አለበት፣ የተጻፈው ግን ለዳኛው ነው። አንድ ቀን ተይዞ ቢቀርብ ነግሬያታለሁ፣ እያወቀች ነው የገዛችው ሊል ነው። የፊተኛውን ቅደጂው አለሽ፣ ይህንን አሳዪው አለሽ። እማማ፣ ሰውየው አንቺን ከፊት አስቀድሞ ራሱን ሊያወጣ ነው።»

እማማ አትበይኝ ብዬ ሁልጊዜ ነበር የምቆጣት። ያን ቀን ግን እቅፏ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

አዎ፣ «የአያቴ ስም ካለበት ሌላው አያገባኝም» ብያለሁ። ያልኩት ግን ምን ስትጠይቀኝ ነው? «የእናትሽን የወርቅ ድሪ ለወረቀት መሸጡ አይቆጭሽም?» ስትለኝ ነው። ያን ቃሌን ከቦታው ነቅለህ ሌላ ጥያቄ ሥር ለጠፍከው። መለጠፉን መቼም ታውቅበታለህ።

የፊተኛውን ደብዳቤህን አልቀደድኩትም። ክፉ አስቤ አይደለም፤ ሊመነኩስ የተዘጋጀ ሰው የጻፈው ወረቀት አይቀደድም ብዬ የጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አስገባሁት። ሕያብ ሁለቱንም ፍርድ ቤት ታቀርባቸዋለች። እኔም ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ለውጫለሁ። የሸጠልኝ ሀብተ ማርያም ነው፣ የልጄ የክርስትና አባት ነው፣ ያለው እንዲህ ያለ ገዳም ነው ብዬ ተናገርኩ። መርማሪው የድሮውን ቃሌን አወጣና «ያኔ ስትፈርሚ ማን አስገደደሽ?» አለኝ። ማንም አላስገደደኝም አልኩት። የቱን ልመን አለኝ። ላንተ ብዬ የዋሸሁት ውሸት አሁን እውነቱን ስናገር አፌን ይዞ ይጎትተኛል።

ናሁሠናይ አንተ አቅፈኸው የተነሣውን የክርስትና ፎቶ ከግድግዳ አወረደው። ሃያ ሁለት ዓመት የተከበረ ፎቶ ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ መውደቁ እንዲህ እንደሚያም ግን ተረቱ አይናገርም።

አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። ለዳኛ ሳይሆን ለእኔ ጻፈው። ከዚያ ሁሉ መጋዘን ይህን ካርታ ለምን መረጥክ? የአያቴን ስም አይተህ ለእኔ ብለህ ነው? ወይስ እንደማልጠይቅህ ስላወቅህ ነው?

ሠርካዲስ


ከገዳም፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሠርካዲስ፤

በምን አፌ ሰላም እልሻለሁ? የፍርድ ቤት መጥሪያው ደርሶ አበ ምኔቱ ማኅበሩን ሰብስበው አንብበውታል። ወለሉን እያየሁ ቆምኩ። በእኔ ዕድሜ እንዲህ ዓይነት ውርደት አላየሁም፤ አንቺም በኔ ምክንያት ከዚህ የባሰ እንዳየሽ አውቃለሁ።

ለጠየቅሽኝ እመልስልሻለሁ። ካርታውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አጎት የሚባል የለም። ጡረታ ልወጣ ትንሽ ሲቀረኝ ጠርዙን እንድጠግነው ሰጡኝ። ስጠግን የባሻ ወንድይራድን ስም አየሁ። ግቢያችሁ የፈረሰ ቀን ዶማው የአባትሽን ግድግዳ ሲመታ እጄን ይዘሽ የጮኽሽው ትዝ አለኝ። ይህ መጋዘን ውስጥ ማን ያየዋል፣ ለእሷ ነው የሚገባት ብዬ አወጣሁት። ላንቺ ስል ነው፣ ሠርካዲስ። ጥፋቴ የወርቅሽን ዋጋ መቀበሌ ነው። ጡረታዬ አልበቃኝም፣ ዕዳ ነበረብኝ፤ ሰይጣን አሳሳተኝ።

የኋለኛውን ደብዳቤ የጻፍኩት ፈርቼ ነው። እስር ቤት መሞትን ፈራሁ።

አሁን የምለምንሽ አለኝ። በገዳማችን ሥርዓት የበደለውን ሰው ይቅርታ ሳይቀበል ቆብ የሚደፋ የለም። አበ ምኔቱ በእጅሽ የተጻፈ፣ የፈረምሽበት የይቅርታ ቃል ይምጣልኝ ብለዋል። ፖሊሶቹ ከመምጣታቸው በፊት ቆቡን ልድፋ። ቆብ የደፋን ሰው በካቴናም ቢሆን በክብር ይወስዱታል። የሞትኩ ቀንም ቆሜ ያስቀደስኩበት ቦታ ይቀብሩኛል። ሌላ ቤት፣ ሌላ ዘመድ የለኝም።

ለቀጠሮሽ አልደርስም፤ ሰውነቴ አልቋል። ይቅርታሽን ግን በደሚቱ እጅ ላኪልኝ። አንቺ የአምላክ ሰው ነሽ፣ ቂም አይሆንልሽም።

ኃጥእ ወንድምሽ ሀብተ ማርያም


ልደታ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሀብተ ማርያም፤

ደብዳቤህን አንብቤ አልቅሼ ነበር። ውሸቴን አይደለም። ለእኔ ብሎ ነው፣ ስሙን አይቶ ነው ብዬ፣ ገና ፍርዱ ሳይሰማ ግማሽ ይቅርታ በልቤ አድርጌልህ ነበር። ከዚያ ችሎት ዋልን።

ከመዛግብት ቤቱ የመጣው ያው ሰውዬ በባለሙያነት ቀረበ። አንተ ሳታውቀው ወይ ረስተኸው እንደሆነ እንጃ፣ ካርታው ከብዙ ዓመት በፊት ፎቶ ተነሥቶ ነበር። ፎቶውን ከካርታው ጎን አስቀመጠው። መንገዱ አለ፣ ወንዙ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ። የአያቴ ግቢ ያለበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ስም የለም፣ ግቢ የለም፣ አጥር የለም። «ባሻ ወንድይራድ የሚለው በቅርብ ጊዜ፣ የድሮ በሚመስል ቀለም የተጨመረ ነው» አለ።

ቀረብ ብዬ እንዳየው ዳኛውን አስፈቀድኩ። አየሁት። የእጅ ጽሕፈትህን ከዚህ ሁሉ ደብዳቤ በኋላ ልስተው አልችልም። ያቺ ቤት ስትፈርስ አጠገቤ ቆመህ ነበር፤ ለቅሶዬን አይተህ ነበር። አንድ ቀን ሊሸጥ የሚችል ነገር መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኸው? ወይስ እዚያ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብለህ ብዕርህን ስትነክር ነው? በየጠዋቱ ሱቄን ስከፍት እንደምን አደርክ እያልኩ የምሳለመው ያንተን ቀለም ነበር።

ሕያብ ግን ከወንበሯ ብድግ አለች። የዚህችን ልጅ አፍ ብትሰማው! «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ካርታው የተሰረቀ መሆኑን የምታውቅ ገዢ ብትሆን ኖሮ እሷን ለማታለል የሟች አያቷን ስም መጻፍ ለምን አስፈለገ?» አለች። ቅደጂው ያልከኝንና አሳዪው ያልከኝን ደብዳቤዎችም አንድ ላይ አነበበቻቸው። ዳኛው የተሰረቀ ዕቃ በመግዛት ከተከሰስኩበት ነፃ አሉኝ። ልቤን የሰበረው ነገር ነው ከእስር ያዳነኝ።

እልል ልል ስል ግን ቃሌን ስለውጥ የተጨመረብኝ ሁለተኛ ክስ ነበረ። በምስክርነት ተጠርቼ የማውቀውን ሰው አላውቀውም ብዬ የሐሰት ቃል ፈርሜያለሁ፤ ወንጀል የሠራን ሰው ሸሽጌያለሁ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው «ሕጉ ቅርብ ዘመዱን ለሸሸገ ሰው ያዝናል። ከሰውየው ጋር ምን ዝምድና አላችሁ?» አሉኝ።

«አበልጄ ነው» አልኩ።

«የሥጋ ዝምድናስ?»

«የለንም። አበልጄ ነው።»

ዳኛው አጎንብሰው ጻፉ። አበልጅ በሕግ ዘመድ አይደለም ተባለ። የስድስት ወር እስራት ፈረዱብኝ፤ ጥፋቴ የመጀመሪያ ነውና በሁለት ዓመት ገደብ ይሁንላት አሉ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት እንዲህ ያለ ጥፋት ከደገምኩ ስድስቱን ወር እገባለሁ። ካርታውን በመግዛቴ ነፃ ወጣሁ፣ አንተን በመሸሸጌ ተፈረደብኝ። ናሁሠናይ እስከ ቤት ድረስ እጄን ይዞ አሻገረኝ።

ካርታው ወደ መጋዘኑ ተመልሷል። የአያቴን ስም በባለሙያ ያስፍቁታል ተብሏል። ሰፈሬ አንዴ በዶማ ፈረሰ፣ አሁን ደግሞ በላጲስ ሊፈርስ ነው። ሕያብ የድሪውን ዋጋ በፍትሐ ብሔር ክሰሽ አስመልሺ ትለኛለች። ከማን ላስመልስ? ያለህ እኔ የላክሁልህ ጋቢ ነው።

ያንተ መዝገብ ገና አልተዘጋም። መቼ እንደሚመጡ አልነገሩኝም፤ ቢነግሩኝም አልነግርህም።

አሁን ወደ ልመናህ ልምጣ። እምቢ ለማለት አልተቀመጥኩም። ሽማግሌ ነህ፣ ቀሪ ዘመንህ ጥቂት ነው፣ መቃብርህን ልከልክልህ አልፈልግም። ደሚቱም ነገ ጠዋት ትሄዳለችና ቁጭ ብዬ ጀመርኩት። «እኔ ሠርካዲስ፣ አቶ ሀብተ ማርያም የበደለኝን ሁሉ ከልቤ ይቅር ብያለሁ» ብዬ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩ። ፊርማዬ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ከልቤ አይደለማ። ላንተ ብዬ የሐሰት ቃል አንዴ ፈርሜያለሁ። አሁን በገደብ ላይ ነኝ፤ መድገም አልችልም።

ሠርካዲስ